ቢጫው ቅጂ

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ልንዘጋ ስንል፣
መጣች ቨርሊን ታኬት፣ ፒካፗ ሲስል።
ኬንታኪ ነው አገሩ፤ ከወንዙ ዳር ከተማ
የሆስፒታል አንሶላ ሌሊት የምታጥብ፣
እጇ በበረኪና ተልጦ፣ ዓይኗ ግን የሚያነብ።

እያንዳንዷን ገጽ በጣቷ ዳሰሰች፣
"ይህቺስ ምን ማለት ናት?" እያለች ጠየቀች።
እኔም አስረዳኋት ከማውቀው ግማሹን፤
በፈገግታ ሞላሁት የቀረ ክፍሉን።
ስድስት ቦታ ፈረመች። ቀን ጻፈች። ቁልፍ ወሰደች።
ነጩ ለእኛ ቀረ፤ ቢጫውን ይዛ ሄደች።
አሮጌው ፒካፕ ከጓሮ፣
ጌታው እንደ ሸጠው በሬ፣ ቆመ አንገቱን ሰብሮ።

ማክሰኞ ጧት አለቃዬ ፕሩዊት ጠራኝ፣
ጫማውን ጠረጴዛ ላይ ጭኖ፣ ስልኩን አቀበለኝ።
"ባንኩ እንቢ ብሏል በላት።
ሁለት ሺህ ዶላር ትጨምር፣ ወይ መኪናዋን ታምጣት።"
"እውነት ባንኩ እንዲህ አለ?" ስለው ቀስ ብዬ፣
"ኮሚሽንህን ትወዳለህ?" አለኝ።
                    ደወልኩ፣ ቃሉን ተቀብዬ።

ከሌሊት ሥራ ገብታ ገና ጎኗ አላረፈም።
የተባልኩትን አልኩ። እሷ ምንም አላለችም።
ከጀርባዋ ውሻ ጮኸ፤ ማቀዝቀዣ አጓራ።
ከዚያ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፦
"ስምህን ንገረኝ፣ ፊደል በፊደል።
ልጽፈው ነው።"
          ኮርቢን ስቶል አልኳት፤ ሰማሁት እርሳሷ
ወረቀቱን ሲፍቅ፣ ጆሮዬን ሲነድል።

ሐሙስ መጣች። በእግሯ። በዝናብ።
መኪናዋን ሦስት መንገድ ማዶ፣
ከቤተ ክርስቲያን ጓሮ አቁማ፣
ቢጫውን ቅጂ
የዶሮ ሥጋ በሚቀመጥበት ላስቲክ ጠቅልላ።
"መኪናዋስ?" አላት ፕሩዊት፣ ወንበር እየሳበ።
"እጅህ ከማይደርስበት" አለች። አልተቀመጠችም።

"ውሉ ፈርሷል ካልክ ይፍረስ፤ እኔ አልከለክልም።
ባንኩ እንቢ ያለበትን ደብዳቤ አሳየኝ በቀለም።
ፒካፔን መልስልኝ፣ ስምንት መቶ ዶላሬንም፤
በእኔ በኩል ፈርሶ በአንተ በኩል የቆመ ግድግዳ
እኔ አይቼ አላውቅም።"

ፒካፑ ሰኞ ተሽጧል። እኔ ነኝ ያጠብኩት፣
ከመስኮቱ ላይ የልጇን ተለጣፊ ኮከብ
በምላጭ የፋቅሁት።
ፕሩዊት እኔን አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይባላል፤
እሷ ግን ብልጥ አልነበረችም፣ አንባቢ ነበረች፤
ገጽ አራት፣ መስመር ዘጠኝ ላይ ጣቷን አሳረፈች።
"ብድሩ ካልጸደቀ ሁሉም ይመለሳል" ይላል።
"ሁሉም" የምትለው ቃል
በእርሳስ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።
"በስልክ ያላችሁኝ ይረሳል" አለች፣ "ይህኛው ግን ተጽፏል።"

ፕሩዊት ባንኩን ላናግር ብሎ ቢሮው ገባ።
በሩ መስታወት ነው።
ስልኩን አላነሳም። ሰባት ደቂቃ ሙሉ
ለውዝ እየፈለፈለ በላ።
ወጣ። "ደስ ይበልሽ! ለምኜ ለምኜ አሸነፍኩት።"
የለውዙ ገለባ ከክራቫቱ ሲረግፍ አየሁት።

"ይህንንም ጻፈው" አለች። ጻፈ። ፈረመ።
ወረቀቱን ከቢጫው ጋር ላስቲኩ ውስጥ ከተተች፤
በሩ ጋ ስትደርስ "ኮርቢን" አለችኝ።
ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወደ ዝናቡ ወጣች።

ሥራውን በዚያው ቀን ለቀቅሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ።
የቤት ኪራይ ነበረብኝ።
እስከ በረዶው መቅለጥ ድረስ አሥራ አንድ ሰው ጋ ደወልኩ፤
ዘጠኙ ከፈሉ፤ ሁለቱ መኪናውን መልሰው
በአውቶቡስ ሄዱ።
ስሜን የጠየቀኝ የለም።

እኔ ግን "ባንኩ እንቢ ብሏል" ካልኩ በኋላ፣
ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት፣ ሁልጊዜ፣
ትንሽ ዝም እል ነበር፤
ከወዲያ በኩል
እርሳስ ይሰማ እንደሆን።